ሰብሳቢ የሌለው ማኅበር፦ የቢትኮይን ሕግ በማን እጅ ነው?

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2013 ሌሊት የቢትኮይን መዝገብ ለሁለት ተከፈለ። አዲሱን ሶፍትዌር የጫኑ ኮምፒውተሮች አንድን ግዙፍ የክፍያ ጥቅል ተቀብለው ሲያልፉ፣ በአሮጌው የሚሠሩት ግን ሊያስተናግዱት ስላልቻሉ ውድቅ አደረጉት። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ማን ለማን ስንት እንደከፈለ የሚናገሩ፣ እርስ በርስ የማይስማሙ ሁለት መዝገቦች ጎን ለጎን ማደግ ጀመሩ። ነገሩ በአንድ ባንክ ውስጥ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የሥራ ኃላፊው ትእዛዝ ሰጥቶ አንዱን መዝገብ ያስዘጋ ነበር። ቢትኮይን ግን እንዲህ ያለ ኃላፊ የለውም።

በዚያች ሌሊት በኢንተርኔት መወያያ ላይ የተገናኙት ሶፍትዌሩን የሚጽፉ በጎ ፈቃደኞችና ጥቅሎቹን የሚያዘጋጁ ቡድኖች አስተባባሪዎች ነበሩ። አብዛኛው የማሽን ጉልበት ያለው በአዲሱ ሶፍትዌር በኩል ነበር፤ ብዙው ነጋዴና ተጠቃሚ ግን ገና በአሮጌው ላይ ነበር። ውይይቱ ያዘነበለው ወደ አሮጌው መመለሱ ይሻላል ወደሚለው ሐሳብ ነው። በወቅቱ ከትልልቆቹ አንዱ የነበረው ቢቲሲ ጊልድ የተባለው ቡድን ማሽኖቹን ወደ አሮጌው ሶፍትዌር መለሰ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በዚህም የተነሳ በአዲሱ መዝገብ የተሠሩ ከ20 በላይ ጥቅሎች ዋጋ አጡ። ለእያንዳንዱ ጥቅል ይከፈል የነበረው ሽልማት 25 ቢትኮይን ስለነበር፣ ኪሳራው የወደቀው በራሳቸው በአዘጋጆቹ ላይ ነው። ሊያስገድዳቸው የሚችል አካል አልነበረም። ሆኖም መዝገቡ ለሁለት እንደተከፈለ ቢቀር ገንዘቡ አመኔታ እንደሚያጣ፣ እጃቸው ላይ ያለውም ዋጋ እንደሚያጣ ያውቁ ነበር። በሰዓታት ውስጥ መዝገቡ እንደገና አንድ ሆነ።

ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በ2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም በወጣ ባለ 9 ገጽ ጽሑፍ የተዋወቀ፣ በጃንዋሪ 2009 ሥራ የጀመረ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ፈጣሪው ማንነቱን ሳይገልጽ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሥራው ገለል ብሏል። ዋና መሥሪያ ቤት፣ የዳይሬክተሮች ቦርድም ሆነ ሠራተኛ ትቶ አልሄደም። የቀረው ማንም ሊያነበውና ሊገለብጠው የሚችል የሶፍትዌር ጽሑፍ ነው።

በዚህ ሥርዓት ክፍያዎችን በየ10 ደቂቃው ገደማ በአንድ ጥቅል፣ በሙያው አጠራር በአንድ ብሎክ፣ የሚያስገቡት ማይነር የሚባሉት ናቸው። ይህን ለማድረግ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበሉ ማሽኖች ያስፈልጓቸዋል፤ በምላሹም አዲስ ቢትኮይን ይከፈላቸዋል። በሌላ በኩል በዓለም ዙሪያ በመደበኛ ኮምፒውተሮቻቸው የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ ይዘው እያንዳንዱን ጥቅል የሚፈትሹ ሰዎች አሉ። ኖድ የሚባለው የእነርሱ ኮምፒውተር ነው። ጥቅሉ ሕጉን ከጣሰ፣ ለምሳሌ አዘጋጁ ከተፈቀደው በላይ ሽልማት ለራሱ ከጻፈ፣ ኖዱ አይቀበለውም። ለዚህ ድካም የሚከፈል ሳንቲም የለም። ባለኖዱ የሚያገኘው ነገር ቢኖር የማንንም ቃል ሳያምን ገንዘቡን ራሱ መፈተሽ መቻሉ ነው።

ሕጉን መለወጥ የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሐሳቦች ቁጥር እየተሰጣቸው ለውይይት የሚቀርቡበት ሥርዓት አለ። ለማቅረብ ዲግሪም ሹመትም አይጠየቅም፤ በብዕር ስም ማቅረብም ይቻላል። ቢትኮይን ኮር በተባለው ዋናው ሶፍትዌር ውስጥ ለውጥ የማስገባት ፈቃድ ያላቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ላይ ላዩን ሲታይ ሥልጣኑ በእነዚህ ሰዎች እጅ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ሆን ተብሎ ራሱን በራሱ እንዳያድስ ተደርጎ የተሠራ ነው። አዲሱን የሚጭነው ባለቤቱ ፈቅዶ ሲያወርደው ብቻ ነው። ጥቂቶቹ የጻፉትን ብዙኃኑ ካልጫነው ሕግ አይሆንም።

በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን አሠራር ለመረዳት ብዙም አይቸገር ይሆናል። በባህላዊ መስኖ የውኃ አባቱ የሚመረጠው ከተጠቃሚዎቹ ከራሳቸው ነው፤ ተራውም የሚከበረው ቦዩን አብረው የሚጠርጉት ገበሬዎች ስላከበሩት ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። በተራው ያልተስማማ ገበሬ ወንዙን ገልብጦ ሌላ ወንዝ ሊያደርገው አይችልም። ሶፍትዌር ግን ይገለበጣል።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የአንድ ጥቅል መጠን በ1 ሜጋባይት በመገደቡ ሥርዓቱ በሰከንድ ሊያስተናግድ የሚችለው ጥቂት ክፍያዎችን ብቻ ነበር፤ ተጠቃሚው ሲበዛ ወረፋው ረዘመ፣ የአገልግሎት ዋጋውም ናረ። ገደቡ ከፍ ይበል የሚሉ ወገኖች ተራው ሰው በርካሽ የማይከፍልበት ገንዘብ ገንዘብ አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ መዝገቡ ከገዘፈ በተራ ኮምፒውተር መያዝ ስለማይቻል ፍተሻው በትልልቅ ድርጅቶች እጅ ይወድቃል አሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። ክርክሩ ዓመታት የፈጀውም ለዚህ ይመስላል።

በሜይ 2017 ከ22 አገሮች የተውጣጡ 58 ድርጅቶች በኒው ዮርክ ስምምነት ላይ ደረሱ። ከዓለም የማይኒንግ ጉልበት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእነርሱ ጋር እንደሆነም አስታወቁ። ስምምነቱ ሁለት ክፍል ነበረው፦ መጀመሪያ ሴግዊት የተባለውን ማሻሻያ ማጽደቅ፣ ከዚያም ገደቡን በእጥፍ ማሳደግ። በአክሲዮን ኩባንያ ቢሆን ጉዳዩ በዚሁ ያበቃ ነበር። ነገር ግን ከሶፍትዌር ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ በስምምነቱ አልነበሩበትም። በአንጻሩ ተራ ተጠቃሚዎች ከኦገስት 1 ጀምሮ ሴግዊትን የማይደግፍ ጥቅል ሁሉ በኖዶቻችን አይፈተሽልንም፣ አንቀበልም ሲሉ ቀድመው ቀን ቆርጠው ነበር። ማይነሩ የቱንም ያህል ማሽን ቢኖረው፣ ያዘጋጀውን ጥቅል የሚቀበለው ከሌለ ያወጣው ኤሌክትሪክ ከንቱ ነው።

ሴግዊት በኦገስት 24 ሥራ ላይ ዋለ። ገደቡን በእጥፍ የማሳደጉ ሁለተኛው ክፍል ግን በኖቬምበር 8 በአስተባባሪዎቹ በራሳቸው ተሰረዘ፤ ምክንያታቸውም በቂ መግባባት አልተፈጠረም የሚል ነበር። የባለኖዶቹ ማስጠንቀቂያ ብቻውን አሸነፈ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ገበያውም ለታሰበው አዲስ ቢትኮይን ዝቅተኛ ዋጋ በመስጠት ድርሻውን ተወጥቷል። ያም ሆኖ የጉልበት ብዛት ለብቻው ሕግ እንደማያወጣ ታየ። ገደቡ ከፍ ይበል ከሚሉት መካከል የተወሰኑት ደግሞ በዚያው ኦገስት 1 ቀን መዝገቡን ገልብጠው ቢትኮይን ካሽ የተባለ የራሳቸውን ገንዘብ መሠረቱ። በዕለቱ 10 ቢትኮይን የነበረው ሰው 10 ቢትኮይንና 10 ቢትኮይን ካሽ ኖረው። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ፤ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የዚህ አስተዳደር ደካማ ጎን በጎ ፈቃደኛው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመው የቢትኮይን ፋውንዴሽን ለዋና ዋና ጸሐፊዎች ይከፍል ነበር፤ በ2015 ገንዘቡ ሲነጥፍ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የተወሰኑትን ተረክቧል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ የሚሠሩት በኩባንያዎችና በለጋሾች ድጎማ ሲሆን፣ ያለ ምንም ክፍያ የሚያግዙትም ጥቂት አይደሉም። በ2021 ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ሳቶሺ ናካሞቶ እኔ ነኝ የሚሉት ክሬግ ራይት በኩባንያቸው በኩል 16 የሶፍትዌር ጸሐፊዎችን በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ቁልፉ ጠፍቶብኛል ያሉትን ከ100 ሺህ በላይ ቢትኮይን በኮድ ለውጥ እንዲመልሱላቸው ነበር ጥያቄያቸው። ጸሐፊዎቹ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለንም ሲሉ ተከራከሩ። በፌብሩዋሪ 2023 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩ ሙሉ ክርክር ይገባዋል አለ። በማርች 2024 በሌላ መዝገብ ራይት ሳቶሺ አለመሆናቸው በለንደን ተፈረደ፤ የ16ቱ ክስም ተቋረጠ። በማታ ሰዓቱ በነጻ የሚሠራ ሰው ግን ለዓመታት የጠበቃ ወጪ እያሰበ እንዲኖር ተገዷል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለችም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለዳታ ማይኒንግ ድርጅቶች በውጭ ምንዛሪ ኃይል ይሸጣል፤ በአንጻሩ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት በአገሪቱ ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል። ማሽኖቹ በአገር ውስጥ ኃይል ቢሠሩም በሕጉ ላይ ድምፅ የሚያሰሙት ባለቤቶቻቸውና የሚቀላቀሏቸው ዓለም አቀፍ ቡድኖች ናቸው እንጂ፣ ኃይሉ የመነጨበት አገር አይደለም። ድምፅ ያለው የፍተሻው ሥራ ነው። ለእርሱም የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒውተር፣ የማይቋረጥ መብራትና ኢንተርኔት ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ የኤሌክትሪክ አገልግሎት በማያገኝበት አገር፣ ያውም በገጠር ቀበሌ፣ ይህ ቀላል አይደለም። መዝገቡ ዛሬ ከ500 ጊጋባይት በላይ ሆኗል። ከተፈተሸ በኋላ አሮጌውን ክፍል መሰረዝ ቢቻልም፣ ሙሉውን ቢያንስ አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ማውረድ ግድ ይላል።