በአነስተኛ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲገጠም ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በኢትዮጵያ ሐይቆችና ግድቦች ላይ ዓሣ የሚያሰግሩ ዜጎች ልዩ ልዩ ዓይነት ጀልባዎችን ይጠቀማሉ። በጣና ሐይቅ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ እስከ ዛሬ አገልግሎት ላይ ይገኛል፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደግሞ የእንጨት ጀልባ የተለመደ ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ ለአንድ ሰው ብቻ የተዘጋጀና ፖንቱን በመባል የሚታወቅ ጀልባ አለ። ይህ ጀልባ በአየር የሚነፉ ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች፣ ቱቦዎቹን የሚያያይዝ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ፍሬም፣ አንድ መቀመጫና ሁለት መቅዘፊያዎች አሉት። ክብደቱ አነስተኛ በመሆኑ በመኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሊጓጓዝ ይችላል።

በእንዲህ ዓይነቱ ጀልባ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር መግጠም የአስጋሪውን ድካም ይቀንሳል፤ እጁንም ለመንጠቆና ለመረብ ነጻ ያደርግለታል። ይሁን እንጂ ሞተሩ ጀልባው የሚሸከመውን ክብደት፣ ሚዛኑንና ከዳር የሚርቅበትን ርቀት ይለውጣል። በመቅዘፊያ የሚጓዝ ሰው ድካም ሲሰማው ወደ ዳር ይመለሳል። በሞተር የሚጓዝ ሰው ግን ሳይደክመው፣ በእጁ ቀዝፎ ሊመለስበት ከሚችለው ርቀት በላይ ሊሄድ ይችላል። የሞተር ገጠማ ዋነኛ የደኅንነት ጥያቄም ይኸው ነው፤ ባትሪው ቢያልቅ ወይም ሞተሩ ቢቆም ተጠቃሚው እንዴት ይመለሳል? ይህ ጽሑፍ ከግዢ በፊት ጀምሮ እስከ መጀመሪያው የሙከራ ጉዞ ድረስ ሊከናወኑ የሚገባቸውን ተግባራት በቅደም ተከተል ያብራራል።

1. ከግዢ በፊት ክብደትን ማስላት

በማንኛውም ፋብሪካ ሠራሽ ፖንቱን ላይ ጀልባው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ጭነት በኪሎ ግራም ወይም በፓውንድ ተጽፎ ይገኛል። አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሞተር ለመግጠም ያሰበ ተጠቃሚ አስቀድሞ ይህን መጠን ከሚጭነው ዕቃ ድምር ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል።

ለምሳሌ የተጠቃሚው ክብደት 75 ኪሎ ግራም፣ የሞተሩ 10፣ የባትሪው 28፣ የሞተር መሸከሚያው፣ የባትሪው ሣጥንና የኤሌክትሪክ ገመዶቹ 5፣ መልሕቁ፣ የመጠጥ ውኃውና የማስገሪያ መሣሪያዎቹ 15 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ድምሩ 133 ኪሎ ግራም ይሆናል። በዚህ ላይ 10 ኪሎ ግራም ዓሣ ሲጨመር 143 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የጀልባው የመሸከም ልክ 160 ኪሎ ግራም ከሆነ 17 ኪሎ ግራም ትርፍ ይኖራል። ልኩ 135 ኪሎ ግራም ከሆነ ግን ጀልባው ባዶውን ሲወጣ ምቹ መስሎ ቢታይም ዓሣ ይዞ ሲመለስ ከልኩ በላይ ይጫናል። በመሆኑም ስሌቱ መሠራት ያለበት በመመለሻው ጭነት ነው።

ከተገጣሚ ዕቃዎቹ ሁሉ ከባዱ ባትሪው ነው። 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ያለው የእርሳስ ባትሪ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ክብደቱ የዚህ ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ለራሱ የተዘጋጀ ቻርጀርም ያስፈልገዋል። ለመኪና ማስነሻ የተሠራ ባትሪ ለዚህ አገልግሎት አይመከርም። የመኪና ባትሪ ለአጭር ጊዜ ከፍተኛ ኃይል እንዲሰጥ የተዘጋጀ በመሆኑ ለረጅም ሰዓት ቀስ በቀስ እየፈሰሰ ሲሠራ ዕድሜው በቶሎ ያጥራል።

2. ተገቢውን ሞተር መምረጥ

የእነዚህ ሞተሮች ጉልበት የሚገለጸው በግፊት መጠን ሲሆን ብዙውን ጊዜ በፓውንድ ይጻፋል። በተለምዶ ለእያንዳንዱ 50 ኪሎ ግራም ጠቅላላ ክብደት ቢያንስ 1 ኪሎ ግራም ግፊት ያስፈልጋል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የጀልባው የራሱ ክብደት 35 ኪሎ ግራም ቢሆን ጠቅላላው 178 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ግፊትም ከ4 ኪሎ ግራም ያነሰ ነው። 30 ፓውንድ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሞተር ወደ 13.6 ኪሎ ግራም ግፊት ስላለው ለነፋስና ለማዕበል የሚሆን በቂ ትርፍ ይሰጣል።

ከዚህ የበለጠ ሞተር መግዛት ጥቅም ያለው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ባለ 30 ፓውንዱ ሞተር በሙሉ ኃይል ሲሠራ 30 አምፔር ገደማ የሚወስድ ሲሆን ባለ 55 ፓውንዱ 50 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ትልቁን ሞተር በሙሉ ኃይል ለተመሳሳይ ጊዜ ለማሠራት ከበድ ያለ ባትሪ ያስፈልጋል፤ በቀላሉ ፍሬም ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል።

የሞተሩ ዘንግ ርዝመትም አስቀድሞ መለካት አለበት። ጀልባው ተጭኖ በውኃ ላይ እያለ ሞተሩ ከሚያርፍበት ቦታ እስከ ውኃው ገጽ ያለው ርቀት ይለካል፤ በዚያ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨመራል። ዘንጉ ካጠረ ውልብልቢቱ በማዕበል ጊዜ ከውኃ እየወጣ በከንቱ ይሽከረከራል። ከረዘመ ደግሞ ጥልቀት በሌለው ውኃ ከመሬት ጋር ይላተማል።

3. የሞተር መሸከሚያውን መሥራት

መሸከሚያው ሞተሩ የሚታሰርበት ጠንካራ ሰሌዳና ሰሌዳውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዙ ብረቶች ያሉት አካል ነው። ውልብልቢቱ ከመሸከሚያው በጣም ዝቅ ብሎ ውኃ ውስጥ ስለሚገፋ ዘንጉ እንደ ረጅም ማንሻ ሆኖ መሸከሚያውን ለመጠምዘዝ ይሞክራል። ውልብልቢቱ ከጉቶ ወይም ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ ይህ ኃይል በቅጽበት ይበዛል። ስለዚህ መሸከሚያው በአንድ ቧንቧ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁለት የተለያዩ የፍሬሙ ቧንቧዎች ላይ መያያዝ አለበት።

ለሰሌዳው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት ወይም ውኃ የሚቋቋም ኮምፔንሳቶ ይስማማል። እንጨቱ ከመገጠሙ በፊት በሁሉም ጠርዞቹና በቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀለም ወይም ቫርኒሽ መቀባት አለበት። ሰሌዳውን ለማሰር ከማይዝግ ብረት የተሠሩ የዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች ከሰፋፊ ሮንዴላዎችና በንዝረት ከማይላሉ ዳዶዎች ጋር ይመረጣሉ። በቧንቧውና በብሎኑ መካከል ላስቲክ ማስገባት መፋፋቅን ይከላከላል። የፍሬሙን ቧንቧ መብሳት ግን አይመከርም፤ ቀዳዳው ቧንቧውን ያደክመዋል፤ ውኃም ያስገባል። የአሉሚኒየም ፍሬምን በተራ የብረት ብየዳ ማያያዝም አይቻልም፤ ለአሉሚኒየም የተለየ የብየዳ መሣሪያና ባለሙያ ያስፈልጋል።

ገጠማው እንዳለቀ ጀልባው መሬት ላይ እያለ ሦስት ነገሮች ይፈተሻሉ። አንደኛ፣ ሞተሩ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ሲዞር ውልብልቢቱ ቱቦዎቹን አለመንካቱ፤ ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከውኃ ተነሥቶ ለመተኛት በቂ ቦታ ማግኘቱ፤ ሦስተኛ፣ ተጠቃሚው ተቀምጦ ወገቡን ሳይጠመዝዝ የመሪውን እጀታ መያዝ መቻሉ ነው። እጀታው ሩቅ ከሆነ ማራዘሚያ ይገጠምለታል። በተጨማሪም ማጥበቂያው ቢላላ ሞተሩ ወደ ሐይቁ እንዳይሰምጥ በአጭር ጠንካራ ገመድ ከፍሬሙ ጋር መታሰር አለበት።

4. ባትሪውና የኤሌክትሪክ መስመሩ

ሞተሩ ከኋላ ስለሚገጠም ባትሪውም ከኋላ ከተቀመጠ የጀልባው የፊት ክፍል ይነሣል፤ ነፋስም በቀላሉ ይገፋዋል። ፍሬሙ በሚፈቅደው መጠን ባትሪው ከመቀመጫው ወደ ፊት፣ በሁለቱ ቱቦዎች መካከልና ዝቅ ባለ ቦታ ይቀመጣል። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሆኖም በቀበቶ ከፍሬሙ ጋር ይታሰራል። ተንሸራትቶ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል የ28 ኪሎ ግራም ዕቃ ጀልባውን ሊገለብጠው ይችላል።

የ12 ቮልት ኤሌክትሪክ ሰውን በመንዘር ረገድ አደጋው ዝቅተኛ ቢሆንም የባትሪው ሁለት ጫፎች በስሕተት ቢገናኙ ገመዱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። በሚነፋ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ላይ የተቀመጠ ሰው ከዚህ እሳት የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ስለሆነም ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ በሞተሩ አምራች የተመከረ ፊውዝ ወይም አውቶማቲክ መቁረጫ መግጠም ግዴታ ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል። ገመዱን ማስረዘም ካስፈለገ ከሞተሩ ጋር ከመጣው ያልቀጠነ ገመድ ይመረጣል፤ መጋጠሚያዎቹም ውኃ እንዳይነካቸው ይሸፈናሉ። የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሚዘዋወርበትና እሳት በሌለበት ቦታ መሆን ይኖርበታል።

5. የመመለሻ ስሌት

የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከያዘው ኃይል ከግማሽ በላይ ባይወጣ ይመረጣል። ከ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 50 ብቻ ቢወሰድና ሞተሩ 30 አምፔር ቢስብ በስሌት የሚገኘው ጊዜ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ በተግባር ደግሞ ከዚህ ያንሳል። ፍጥነት ሲቀነስ የሚወሰደው ኃይል በእጅጉ ስለሚቀንስ ባትሪው ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።

ይህ ጊዜ በሦስት ይከፈላል፤ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ ቀሪው ለመጠባበቂያ ይያዛል። በዚህ መሠረት በሙሉ ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ ከግማሽ ሰዓት በላይ መሄድ አይገባም። ሆኖም ሰዓቱ ቢፈቅድም ርቀቱ ተጠቃሚው በመቅዘፊያ ሊመለስ ከሚችለው መብለጥ የለበትም። መቅዘፊያዎቹም ሞተር ተገጥሟል ተብሎ ከቤት የሚቀሩ አይደሉም። በሰፋፊ ሐይቆች ላይ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሊበረታ ስለሚችል ማለዳ ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ይመከራል። የሚቻል ከሆነም ሲሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት መጋፈጥና ሲመለሱ ከኋላ እንዲገፋ ማድረግ ኃይል ይቆጥባል።

6. የሙከራ ጉዞና የውኃው ጠባይ

ቱቦዎቹ መነፋት ያለባቸው በሐይቁ ዳር ነው። ቱቦው በቀትር ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ተነፍቶ ቢተው በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ስፌቱን ሊያስጨንቅ ይችላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይላላል። ስለዚህ ጀልባው ውኃ ላይ ጥቂት ከቆየ በኋላ የአየሩ መጠን እንደገና ይታያል። የመጀመሪያው ሙከራ ወገብ በማያልፍ ውኃ፣ ሙሉ ጭነት ተይዞና ሌላ ሰው ዳር ቆሞ እያየ መደረግ አለበት። ሁለቱ ቱቦዎች እኩል መስጠማቸውና የፊቱ ክፍል አለመነሣቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብሎኖቹ በድጋሚ ይጠብቃሉ። የሕይወት አድን ጃኬት ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ በሰውነት ላይ መታሰር አለበት፤ ከመቀመጫው ሥር የተቀመጠ ጃኬት በውኃ ውስጥ ለወደቀ ሰው አይደርስለትም።

እምቦጭ በተስፋፋባቸው የጣና ሐይቅ ክፍሎች ሥሩና ቅጠሉ በውልብልቢቱ ላይ ሊጠመጠም ይችላል። የተጣለ መረብም እንዲሁ። ውልብልቢቱን ለማጽዳት እጅ ከመግባቱ በፊት ገመዱ ከባትሪው መነቀል አለበት። እንደ ጫሞና አባያ ባሉ አዞና ጉማሬ በሚገኙባቸው ሐይቆች ላይ ደግሞ በአየር የሚነፋ ጀልባ መጠቀም ፈጽሞ አይመከርም።

7. ፈቃድን በተመለከተ

በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 እና በክልሎች ሕጎች መሠረት የዓሣ ማስገር ሥራ ቁጥጥር ይደረግበታል። ሞተር መግጠም በራሱ የማስገር መብት አይሰጥም፤ ለንግድ የሚያሰግር ሰው ተገቢውን ፈቃድ መያዝ ይኖርበታል። በመሆኑም ተጠቃሚዎች ሞተሩን ከመግዛታቸው በፊት የማስገር ፈቃድንና የተከለከሉ ቦታዎችን በሚመለከት በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የጀልባ ምዝገባንና የደኅንነት መስፈርትን በሚመለከት የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንን ወይም የክልሉን የትራንስፖርት ቢሮ እንዲጠይቁ ይመከራል። ሐይቁ በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ከሆነ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድም ያስፈልጋል። ለጥያቄው የጀልባውን የመሸከም ልክ፣ የሞተሩን የግፊት መጠንና መለያ ቁጥር እንዲሁም የግዢ ደረሰኝ ይዞ መቅረብ ጉዳዩን ያቀልላል።