የጤፉ ብረት ከእህሉ ነው ከአውድማው?

ከመገናኛ ብዙም በማይርቀው ሾላ ገበያ ጤፍ የሚገዛ ሰው ቆንጠር አድርጎ መዳፉ ላይ ያሸውና እፍ ብሎበት የቀረውን ያያል። አቧራ ከቀረ ዋጋ ይወርዳል። ይህ ሰው ስለ ጤፍ ብረት ከሚያወሩት ከብዙዎቹ የተሻለ ጥያቄ ጠይቋል። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ሲባል እንሰማለን፤ የታተሙት ልኬቶች ግን በ100 ግራም ከ10 ሚሊግራም በታች ተነስተው ከ150 በላይ ይደርሳሉ። ማኛና ሰርገኛ ቢለያዩም፣ መሬቱ መረሬ ወይም ቀይ ቢሆንም፣ ይህን ያህል መራራቅ እንግዳ ነገር እንደገባበት ያስጠረጥራል። እንግዳው ደግሞ የሚታወቅ ነው። ጤፍ በበሬ ኮቴ ሲወቃ ደቃቋ ፍሬ ከአውድማው አፈር ጋር ትቀላቀላለች፤ አፈሩም ብረት አለው።

የተለመደው ልኬት እህሉን አቃጥሎ ወይም በአሲድ አሟሙቶ ብረቱን ይቆጥራል። የአፈሩም የፍሬውም ብረት እኩል ይቆጠራል፤ ቁጥሩም እውነት ሆኖ ያሳስታል። የኤክስሬይ መምጠጥ ስፔክትሮስኮፒ ውለታው እዚህ ላይ ነው። መርሁ ቀላል ነው፤ የጨረሩን ጉልበት ቀስ በቀስ እያሳደጉ ናሙናው ምን ያህሉን እንደሚውጥ ማየት። ጉልበቱ ወደ 7112 ኤሌክትሮንቮልት ሲደርስ የብረቱ ውስጠኛ ኤሌክትሮን ይፈናቀልና መምጠጡ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወጣል። የሚገርመው ገደሉ ባለበት አለመርጋቱ ነው። ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ የብረት አዮን ሁለት ካጣው ይልቅ የቀሩትን ኤሌክትሮኖቹን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ገደሉ ጥቂት ኤሌክትሮንቮልት ወደ ላይ ይሸሻል። ከገደሉ በፊት ትንሽ ጉብታ አለች፤ ቁመቷና ቅርጿ በአዮኑ ዙሪያ የተደረደሩት አተሞች እንዴት እንደቆሙ ይናገራሉ። ከገደሉ በኋላ ደግሞ መስመሩ ይርገበገባል። የተፈናቀለው ኤሌክትሮን እንደ ማዕበል ወጥቶ ከጎረቤት አተሞች ተጋጭቶ ይመለሳልና፣ ርግብግቡ የጎረቤቶቹን ርቀት ይሰጣል። በዚህ መንገድ የአፈር ኦክሳይድ ውስጥ ያለ ብረትና ፋይቴት ከሚባለው የእህል ውህድ ጋር የታሰረ የፍሬ ብረት መልካቸው ይለያል። በስንዴ ፍሬ ላይ የተሠራ ጥናት የብረቱ አብዛኛው ከፋይቴት ጋር የተሳሰረ መሆኑን ያሳየው በዚሁ ዘዴ ነው።

እህሉን አጥቦ መለካት አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። መታጠብ አፈሩን ይቀንሳል፤ የቀረው በምን መልክ እንዳለ ግን አይነግርም። ፋይቴት የያዘውን ብረት ለአንጀት በቀላሉ አይለቅምና ጉዳዩ ተራ አይደለም፤ እርሾ ሊጡን ሲያቦካው ፋይቴቱ የሚቀንስ መሆኑም ሌላ ነገር ነው። ሰውነት ስንቱን እንደሚወስድ መሣሪያው አይናገርም የሚለው ተቃውሞ ግን ትክክል ነው። ለዚያ ደም መመርመር ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ምን ዓይነት ብረት እንደተበላ ሳይታወቅ የደሙ ውጤት ቢመጣ፣ ተመራማሪው ምክንያቱን የሚፈልገው በጨለማ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የመሣሪያው ነው። ብረቱ ጥቂት ለሆነ እንዲህ ላለ ናሙና የሚመጥነው ብርቱ ጨረር የሚገኘው ሲንክሮትሮን ከሚባለው የኤሌክትሮን ማፋጠኛ ነው፤ አፍሪካ ደግሞ እስካሁን የላትም። ቅርቡ በ2017 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የዮርዳኖሱ ሴሳሜ ነው፤ ለዚሁ ሥራ የተመደበ የጨረር መስመርም አለው። የጤፍ ናሙና ግን በፖስታ የሚላክ ቁንጥር ነው።

ቸኩለው የሚለኩ ግን ልብ ይበሉ። ጨረሩ ራሱ ሦስት ያጣውን አዮን ወደ ሁለት ሊመልሰው ይችላል፤ ደጋግመው ሳይለኩና ናሙናውን ሳያቀዘቅዙ «ብረቱ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ነው» ማለት ጨረሩ የሠራውን ለጤፉ መስጠት ነው። የናሙናው መስመር የሚነጻጸርባቸው የታወቁ የብረት ውህዶች፣ ማለትም ማመሳከሪያዎቹ፣ ምርጫም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የመረሬውን ሸክላ ብረት በማመሳከሪያ ያላካተተ ሰው፣ ሒሳቡ ያንን ብረት ካሉት ማመሳከሪያዎች በአንዱ ስም ይጽፍለታል። ስለዚህ ከአንድ ማሳ ሁለት ቁንጥር ይወሰድ፤ አንዱ ከነዶው በእጅ ተፈልፍሎ፣ ሌላው ከአውድማው፣ ከሁለቱ ጋርም የአውድማው አፈር።