ከማይኩ በፊት ክፍሉ

ቤቱ ዘፈን መቅዳት የጀመረ ሙዚቀኛ እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ ቀድሞ የሚታየው ማይክራፎን ነው፤ ከዚያ ሳውንድ ካርድ፣ ከዚያ ሶፍትዌር። የሚዘፍንበት ክፍል ግን ከነባዶ ግድግዳው እንዳለ ይቀጥላል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣውን «ኔብራስካ» የቀዳው ኒው ጀርሲ ውስጥ በተከራየው ቤት፣ በባለአራት ትራክ የካሴት መቅጃና በሁለት ሹር ኤስኤም57 ማይኮች ነበር። በኋላ ከባንዱ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ ቢሞክረውም ለሕዝብ የወጣው ያው የቤት ቅጂ ሆነ። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የቤት ካሴቶችም እ.ኤ.አ. በ2024 በአልበም ታትመው ዓለም ሰምቷቸዋል። እርግጥ ይህ የሚያሳየው ዋጋ ወሳኝ አለመሆኑን እንጂ ክፍሉ ወሳኝ መሆኑን አይደለም።

ክፍሉን ወሳኝ የሚያደርገው የድምፅ ባሕርይ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአፍ በቀጥታ ማይኩ ጋ ከሚደርሰው ሌላ፣ ግድግዳ ነክቶ የሚመለስ አለ። የተመለሰው 1 ሜትር ያህል ዞሮ ከመጣ የሚዘገየው 3 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ጆሮ እንደ ገደል ማሚቶ አይለየውም። ሆኖም 172 ኸርዝ አካባቢ ሁለቱ እየተጣፉ የዘፋኙን ድምፅ ወዙን ያሳጡታል፤ ወደ 515 እና 858 ኸርዝም እንዲሁ። ሲሚንቶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ያለው የኮንዶሚኒየም ክፍል ለዚህ የተመቸ ነው። ስፋቱ 3 በ3 ሜትር ከሆነ ደግሞ 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ቤዝ በሁለቱም አቅጣጫ ያብጣል። ሚክስ የሚያደርገው ሰው ቤዙ በዛ ብሎ ይቀንሰዋል፤ ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ግን ቤዝ የለውም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከማይኩ ያለውን ርቀት በግማሽ ማሳጠር ቀጥታውን ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ሲያሳድገው፣ የክፍሉ ድምፅ ባለበት ይቀራል። ብርድ ልብሱ የሚሰቀለው ከማይኩ ጀርባ ሳይሆን ከዘፋኙ ጀርባ ነው፤ አብዛኛው የድምፅ ማይክ የሚሰማው ፊቱን ነውና። የእንቁላል ካርቶን ግን የጎረቤትን ጫጫታ አያግድም፤ ቢበዛ ጥቂት ቀጭን ድምፅ ይውጣል፤ ስለ ግድግዳ ማሳመሪያነቱ አልከራከርም።

ክፍል ከታፈነ ሙዚቃው ይሞታል የሚሉ ከፊል እውነት አላቸው። ብርድ ልብስ ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ቤዙን አይውጥም፤ ስለዚህ ከበዛ የታመቀ ድምፅ ይተርፋል። ከበሮና የኅብረት መዝሙርም ራቅ ያለ ማይክና ሰፊ አዳራሽ ቢያገኙ ያምርባቸዋል። ማስተጋባትን ሶፍትዌር ያጠፋዋል የሚለው ክርክር ግን ብዙም አያሳምነኝም። ለንግግር ይሠራ ይሆናል። የማሲንቆ ጭራ የሚያስቀረው ድምፅና ግድግዳው የመለሰው ግን አንድ ላይ የተሸመኑ ናቸው፤ አንዱን ሲያወጡት ሌላው ይጎዳል። ሚክሱም ችግሩን ያጎላዋል እንጂ አይሸፍነውም። ኮምፕረሰር ጮክ ያለውን በ6 ዴሲቤል አውርዶ ትራኩ በሙሉ መልሶ በ6 ሲነሳ፣ በስንኞቹ መካከል ተደብቆ የነበረው የክፍሉ ድምፅም አብሮ በ6 ይነሳል፤ ጥሬው ቅጂ ላይ እዚህ ግባ የማይባል የመሰለው ማስተጋባት ሚክሱ ሲያልቅ ፊት የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።