ሞተሩ ከመኪናው ቀድሞ መጣ

ሞተሩ ከመኪናው ቀድሞ መጣ። አንድ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ካለው ጋራዤ በር ላይ ፒክአፓቸውን አቆሙና ከኋላ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ገለጡልኝ። ፎርድ 427 ነው፤ 7 ሊትር፣ 8 ሲሊንደር፣ ብሎኩ ብረት። «መኪናውስ?» አልኳቸው። «በሚቀጥለው ወር ይደርሳል» አሉኝ። የሼልቢ ኮብራ አምሳያ ነው፤ አካሉ ፋይበርግላስ፣ ሻንሲው የብረት ቱቦ፣ የቀረው በሳጥን በሳጥን ተበታትኖ የሚመጣ።

በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሰውን መጀመሪያ የሚይዘው የሞተር ፍቅር ነው፤ መኪናው በኋላ ይታሰባል። እኔ ደግሞ የምጠይቀው ስለ ሌላው ሁሉ ነው። ፍሬኑ ከምን መኪና የወጣ ነው? ዲፈረንሻሉ ስንት ጉልበት ይሸከማል? ራዲያተሩ ስፋቱ ምን ያህል ነው? ደንበኛዬ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አልነበራቸውም። ስለ ሞተሩ ግን የእያንዳንዱን ፒስተን ታሪክ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር።

ሙያውን የቀሰምኩት አዲስ አበባ ነው። ዕቃ ለማፈላለግ ሶማሌ ተራ እየተላላክሁ፣ ሞተሩ ያለቀለት መኪና ላይ የሌላ መኪና ሞተር ሲጫን እያየሁ አደግሁ። ያኔ ምክንያቱ ችግር ነበር፤ መኪናው የቤተሰብ እንጀራ ስለሆነ መንቀሳቀስ አለበት። አለቃዬ ሞተሩን ከማንሳቱ በፊት ግማሽ ቀን ከሻንሲው ሥር ተኝቶ ይውላል። «ሞተር እንግዳ ነው፤ ቤቱን ሳታሰናዳ አትጥራው» ይለኝ ነበር። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፤ ከጣሊያን መካኒኮች የወረስናቸው እነዚህ ስሞች ዛሬም ከአፌ አልጠፉም። እዚህ አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ጋራዤ ውስጥ ሲሠራ «ጋሼ፣ ካቻቢቴውን ላቀብልህ?» ሲለኝ ደስ ይለኛል።

ኮብራ ራሱ የተወለደው ሞተር በመቀየር ነው። እንግሊዝ አገር ቴምዝ ዲተን ውስጥ ኤሲ የተባለ አነስተኛ ፋብሪካ «ኤስ» የምትባል ቀላል ክፍት መኪና ይሠራ ነበር። ከሚጫኑባት ሞተሮች ምርጡ ባለ 2 ሊትሩ የብሪስቶል ሞተር ነበር፤ ጉልበቱ 128 ፈረስ ገደማ ይደርሳል። ብሪስቶል ያንን ሞተር መሥራት ሲያቆም ኤሲ ሌላ ፍለጋ ገባ። ካሮል ሼልቢ የሚባለው የቴክሳስ ሰው የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ሼልቢ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ፈረንሳይ ውስጥ ለማን ላይ የ24 ሰዓቱን ውድድር ከሮይ ሳልቫዶሪ ጋር አሸንፎ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የልብ ሕመም ከእሽቅድምድም አስወጣው። የፎርድን አዲስ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በዚያች የእንግሊዝ መኪና ላይ ለመጫን አሰበ፤ የመጀመሪያዋም በ1962 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተሯ ገባላት። 260 ኩቢክ ኢንች ነበር፤ ቀጥሎ 289 መጣ።

ይህን ታሪክ ከሚያወሩት ብዙዎቹ አንድ ነገር ይዘላሉ። ያ የፎርድ ሞተር የተመረጠው በጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ለባለ 8 ሲሊንደር ቀላል ስለነበረም ነው። ፎርድ ብረቱን በስስ ግድግዳ ማፍሰስ ስለቻለ ሞተሩ በቦታውም በክብደቱም ያችን ትንሽ መኪና አላስጨነቃትም። በ1965 የ7 ሊትሩ 427 ሲመጣ ግን የድሮው ሻንሲ አልበቃም። ዋናዎቹ ቱቦዎች ከ3 ኢንች ወደ 4 ኢንች ወፈሩ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ሰፋ። ከፊትም ከኋላም በአግድም ተጋድሞ የነበረው ባሌስትራ ወጥቶ ጥቅልል ሞላ ገባ። የጎማው መሸፈኛ አበጠ፤ የፊት አፉ ተከፈተ። ከሩቅ ለሚያየው ያው መኪና ይመስላል። ከሥሩ ለሚተኛ መካኒክ ግን ሌላ መኪና ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ለትልቁ ሞተር ሲል ቤቱን እንደ አዲስ ሠራ።

ሰንቢም ታይገርም ትዝ ይለኛል። ያው የፎርድ 260 በትንሿ የእንግሊዝ አልፓይን መኪና ላይ ተጭኖ በ1964 ለገበያ የቀረበው ማለት ነው። ሞተሩ እንዲገባ ፋብሪካው ውስጥ ቀለም የተቀባውን የጋቢና ግድግዳ በመዶሻ እየመቱ ወደ ውስጥ ያስገቡት ነበር። ጥቂት ሚሊሜትር ስትጎድል መዶሻ ለማንሳት ያልተፈተነ መካኒክ የለም። እኔ አላነሳም። መዶሻው ቦታ ቢሰጥም ሙቀቱን ወደ ሹፌሩ እግር ያቀርባል።

ለደንበኛዬ ሌላ መንገድ አቀረብሁላቸው። የፎርድ 351 ዊንድሶር ብሎክ ሲሊንደሩ ሰፍቶ፣ የፒስተኑ ምት ረዝሞ እስከዚያው 427 ኩቢክ ኢንች ሊደርስ ይችላል። ቴስታታው አልሙኒየም ከሆነ ከእርሳቸው ሞተር ከ50 ኪሎ በላይ ይቀላል፤ ያውም ከአፍንጫው ላይ የሚነሳ 50 ኪሎ። መኪናው ከፊት ጎማው መሐል እስከ ኋላው 90 ኢንች ብቻ ነው፤ ወደ 2.3 ሜትር። እንዲህ ባለ አጭር መኪና አፍንጫ ላይ የተቀመጠ እያንዳንዱ ኪሎ ኩርባ ላይ ይታወቃል። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ልጅ ሳሉ አንድ የሰፈራቸው ሰው የነበረው 427 ጠዋት ሲነሳ የወጥ ቤታቸው መስኮት ይንቀጠቀጥ እንደነበር አጫወቱኝ። «ቁጥሩን አይደለም የምፈልገው፤ ያንን ድምፅ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ክርክሬን አቆምሁ። ዛሬም ቢጠይቁኝ ዊንድሶሩን እመርጣለሁ፤ ለመንዳት የተሻለ መኪና ይወጣዋል። ነገር ግን አንድ ሰው አምሳ ዓመት በጆሮው የያዘውን ድምፅ በሚዛን ልረታው አልችልም። የምችለው ያ ሞተር የሚጠይቀውን ሁሉ መስጠት ነው፤ የተስማማነውም በዚህ ነው። ፍሬኑ፣ ዲፈረንሻሉና ራዲያተሩ እኔ ባልሁት ይሆናል፤ ገንዘቡ ካልበቃ ሥራው ይቆያል እንጂ አይጎድልም።

መኪናው እንደደረሰ መጀመሪያ ያስገባነው እውነተኛውን ሞተር አልነበረም። የእህቴ ልጅ ከካርቶን አንድ ሠራ፤ ርዝመቱን፣ የቴስታታውን ስፋት፣ የዘይት ኮፓውን ጥልቀት ለክቶ። ካርቶን አይከብድም፤ ሃያ ጊዜ ቢገባና ቢወጣ ቀለም አይጭርም። ሞተሩን በተቻለ መጠን ወደ ኋላ መሳብ ፈለግን፤ ክብደቱ ወደ መኪናው መሐል እንዲጠጋ። የፎርድ ሞተር ለዚህ ይመቻል፤ ዲስትሪቢዩተሩ ከፊት ስለሆነ የኋላው ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። የተለመደው የሸቭሮሌ ባለ 8 ሲሊንደር ቢሆን ዲስትሪቢዩተሩ ከኋላ ቆሞ ግድግዳውን ይገፋ ነበር። ያም ሆኖ ገደብ አለው። ወደ ኋላ በሳብነው ቁጥር የሹፌሩ እግር ቦታ ይጠባል፤ ፔዳሎቹ ይቀራረባሉ። ደንበኛዬ ጫማቸው ትልቅ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ነዳጅ መስጫ እያልሁ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲረግጡ አደረግሁ። ሁለት ጊዜ ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ ረገጡ። ሞተሩን ጥቂት ወደ ፊት መለስነው።

ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ በኮብራ ላይ ክንድ የማያህል አጭር ነው። አጭር ዘንግ ስህተትን አይደብቅም። የሁለቱ ጫፍ ክሮቼራዎች ማዕዘናቸው እኩል ካልሆነ መኪናው በአንድ ፍጥነት ላይ ይርገበገባል፤ ባለቤቱም ጎማ ሲያስመዝን ይከርማል። ሁለት ቀን የካምቢዮውን መቀመጫ በስስ ላሜራ ከፍና ዝቅ ስናደርግ ቆየን። ማንም የማያየው፣ ለሚቀጥሉት ዓመታት ግን ሹፌሩ በጀርባው የሚሰማው ሥራ ነው።

የሞተር እግር የሚባለውን ጉዳይ ቀስ ብዬ ልናገረው፤ ስለከፈልሁበት። ከብዙ ዓመት በፊት በመጀመሪያው የኮብራ አምሳያዬ ላይ ጠንካራ ሞተር ጭኜ እግሮቹን በተራ የጎማ ትራስ አስቀመጥኋቸው። 427 የሚባለው ሞተር ከፋብሪካው 425 የፈረስ ጉልበት ተሰጥቶታል፤ የማዞር ኃይሉ 650 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ኃይል ጎማን ሲያዞር ሞተሩ ራሱ በተቃራኒው ለመዞር ይታገላል፤ አንዱ ጎኑ ይነሳል። የእኔም ትራስ ለመንገድ ሙከራ በወጣሁበት ተቀደደ። ሞተሩ ሲነሳ ከነዳጅ መስጫው የሚመጣውን ብረት ይዞ ተነሳ፤ ነዳጁ ተከፍቶ ቀረ፤ እግሬን ባነሳም መኪናው መሮጡን ቀጠለ። ቁልፉን ዘግቼ ሣር ላይ ቆምሁ። ማንም አልተጎዳም። የዚያን ቀን ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ መሪውን የያዘው ደንበኛው ቢሆንስ እያልሁ። በኋላ ሳነብ ጄኔራል ሞተርስ በ1971 ማብቂያ ላይ 6.7 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን በዚሁ ችግር እንደጠራ፣ መፍትሔውም ሞተሩ እንዳይነሳ በገመድ መያዝ እንደነበረ አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሞተር ከጋራዤ የሚወጣው እግሮቹ ቢበጠሱ እንኳ ከቦታው የማይነሳበት ብረት ታስሮለት ነው። ነዳጅ መስጫውንም ከሞተሩ ጋር የሚወዛወዝ ብረት ሳይሆን ተጣጣፊ ሽቦ ይስበዋል።

ስለ ሙቀት ብዙ አልልም። የዚህ ዓይነቱ ኮብራ ጭሱን በጎኑ ያወጣል፤ ሲወርዱ ባታቸውን ቱቦው ላይ ያሳረፉ ባለቤቶች «የእባብ ንክሻ» ይሉታል። ቁስሉ የሚድን ነው። አሳሳቢው የእግር ቦታው ነው፤ የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹ ከፋይበርግላሱ በጣት ርቀት ያልፋሉ። በመካከላቸው የአልሙኒየም ጋሻ ከነአየር መተላለፊያው አስገባን፤ ለእግር ቦታውም ከፊት አፍ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ቱቦ ዘረጋን።

የመጀመሪያው ማስነሻ ቀን ደንበኛዬ ቀድመውኝ ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ዘይቱን ሞተሩ ሳይነሳ በመሰርሰሪያ ፖምፓውን አዙረን አዳረስን፤ የግፊት መለኪያው ሲነሳ ብቻ ካንዴላዎቹን አሰርን። እንዲህ ያለው የድሮ ካምሻፍት ገና አዲስ ሳለ በዝግታ መዞር አይወድም። ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ ለ20 ደቂቃ በደቂቃ ከ2000 ዙር በላይ መቆየት አለበት፤ ዘይቱም ዚንክ የበዛበት መሆን አለበት፤ አለዚያ በመጀመሪያው ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ያንን ረጋ ያለ፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ወዲያው አላገኙትም። 20 ደቂቃ ሙሉ ጩኸት ብቻ ነበር። እኔ የውኃውን ሙቀት፣ የእህቴ ልጅ የዘይቱን ግፊት እያየን፣ እርሳቸው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ሰዓቱ ሲሞላ ነዳጁን ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። ሞተሩ ወረደ፣ ወረደና ረጋ። የመሣሪያ መደርደሪያው ላይ ያሉ ዳዶዎች በቆርቆሮው ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ደንበኛዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እኛም ዝም አልን።

አንድ ፍተሻ ቀርቶን ነበር። በአየር ማጣሪያው አናትና በኮፈኑ መካከል ያለው ክፍተት ሞተሩ ቆሞ ሲለካ በቂ ነው፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ሲነሳ ምን ያህል እንደሚቀር ግን ከመንዳት በቀር የሚነግረን የለም። ማጣሪያው ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ እንደ ዳቦ ቁልል አስቀመጥንና ኮፈኑን ዘጋን። ዳገት ወጣሁ፤ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥሁ፤ ፍሬን ይዤ ደግሜ ረገጥሁ። ተመልሰን ኮፈኑን ስናነሳ የእህቴ ልጅ ቀድሞ አጎነበሰ። ጭቃው ተጨፍልቋል፤ በቀረው ላይ መለኪያ ወጋበት። «9 ሚሊሜትር ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ጭቃውን ጠረግን፤ ክሪኩን አምጥተን የሞተር እግሮቹን ብሎኖች እንደገና አጠበቅን።