የኪኒኑ ገንዘብ ከየት ይመጣል? አዳዲሶቹ የጤና ለጋሾች

በትምህርት ቤት ግቢ ተሰልፈው የአንጀት ትላትል ማስወገጃ ኪኒን የሚውጡ ተማሪዎች ኪኒኑ ከማን እንደመጣ አይጠይቁም። ወላጆቻቸውም «መንግሥት ነው የሰጠው» ብለው ያልፋሉ። የሚያድለው የመንግሥት ጤና ባለሙያ ወይም መምህር ነውና አልተሳሳቱም። ከጀርባው ያለው ገንዘብ ግን ባለፉት ሃያ ዓመታት ባለቤት ሲለውጥ ቆይቷል።

ቀድሞ ለገጠር ጤና የሚሰጠው ርዳታ በአብዛኛው ከውጭ መንግሥታት፣ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ከሃይማኖት ተቋማት ይመጣ ነበር። ዛሬ በገበያ የበለጸጉ ሰዎች ራሳቸው ለጋሾች ኾነዋል። የኢትዮጵያን የትላትልና የቢልሃርዚያ መከላከል ሥራ ከደገፉት አንዱ በለንደን የሚገኘው የሕፃናት ኢንቨስትመንት ፈንድ ፋውንዴሽን ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ክሪስ ሆን የሌሎችን ገንዘብ በአክሲዮን ገበያ እያሠራ ሀብት ያፈራ ሰው ነው። ፋውንዴሽኑ በወላይታ «ገሺያሮ» የተሰኘውን፣ የበሽታዎቹን ስርጭት ጨርሶ ለመቁረጥ ያለመውን ፕሮጀክት በገንዘብ ደግፏል።

እነዚህ ለጋሾች የነጋዴ ልማድ ይዘው መጥተዋል። በግ ገዥ ጀርባና ላት ዳብሶ ዋጋ እንደሚቆርጥ ሁሉ፣ እነርሱም አንድ ዶላር ስንት ሕፃን እንደሚያድን ሳያሰሉ አይሰጡም። ስሌቱን ለሌሎች ለጋሾች የሚሠራ ድርጅትም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለት ወጣት የፋይናንስ ባለሙያዎች የመሠረቱት ጊቭዌል፣ ትላትልን የሚከላከሉ ድርጅቶችን ወጪያቸው አነስተኛ ነው በሚል ለዓመታት ከምርጦቹ ተርታ አሰልፏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን መመዘኛውን አጠበቀ፤ የጥቅሙ ማስረጃ በቂ እርግጠኝነት የለውም በሚልም ከምርጦቹ ዝርዝር አወጣቸው። በየወንዙ ዳር ያለው ትል በዚያ ዓመት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስሌቱ ነው።

ልኬቱ ክፋት የለውም። ገንዘብ በስብሰባና በወረቀት እንዳይባክን አድርጓል። ችግሩ በቀላሉ የማይቆጠረው ሥራ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። በአማራ ክልል ብዙዎችን ያሠቃየው የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ጥሩ ማሳያ ነው። በሽታውን ለማጥፋት ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና በአንድነት ያስፈልጋሉ። መድኃኒቱን ፋይዘር በነጻ ይሰጣል፤ የዋጠውም ሰው በቀላሉ ይቆጠራል። ውኃ ማስገባትና መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ለሪፖርትም አይመችም። ውኃ ለመቅዳት ሩቅ የምትጓዝ እናት የልጇን ፊት በቀን ደጋግማ እንድታጥብ መምከር ብቻውን ምን ያህል ይፈይዳል?

ጉዳዩን አንገብጋቢ ያደረገው የቀድሞዎቹ ለጋሾች መሸሽ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታ ድርጅት ዩኤስኤድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2025 ሥራውን አቁሟል። በዚያው ዓመት ቢል ጌትስ በሃያ ዓመታት ውስጥ 200 ቢሊዮን ዶላር እንደሚለግሱ አስታወቁ፤ አብዛኛው ለአፍሪካ እንደሚውልም አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ተናገሩ። ኾኖም ፋውንዴሽናቸው እ.ኤ.አ. በ2045 ይዘጋል። የመንግሥታትን ርዳታ ፖለቲካ ሲያቋርጠው፣ የባለሀብቶቹን ደግሞ የራሳቸው ቀነ ገደብ ያቆመዋል።

በነጻ የመጣ መድኃኒትም ቢኾን በራሱ ቀበሌ አይደርስም። መኪና፣ ነዳጅና የአዳዮች አበል ይፈልጋል። የወረዳ ምክር ቤቶች በጀት ሲያጸድቁ ነዋሪው ሊጠይቅ የሚገባውም ይህንኑ ነው፤ ለጋሹ በሚወጣበት ዓመት ይህን ወጪ የሚሸፍነው የትኛው የበጀት መደብ ነው?