ደብተሩ ላይ የሚጻፈው

«ኮች፣ ስንት ኪሎ ቀነስኩ?»

በዚህ ሥራ ላይ ከዚህ የበለጠ የተደጋገመብኝ ጥያቄ የለም። አንዳንዱ ገና ላቡን ሳይጠርግ ጥግ ያለችው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ጫማውን አውልቆ ይደግማል፤ ስልኩንና ቁልፉን አስቀምጦ ይሠልሳል። ሐሙስ 84 ነበር፣ ሰኞ 85 ሆኗል። «ስፖርት እየሠራሁ እንዴት እጨምራለሁ?» ብሎ ፊቱን ያጠቁርብኛል፤ ኪሎውን እኔ የጫንኩበት ይመስል።

እሑድ ሰርግ ነበረበት። ጨው የበዛበት ጥብስ ውሃ ያስይዛል። እንጀራውም እንዲሁ ነው፤ በጡንቻና በጉበት የሚጠራቀም አንድ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። በአንድ ድግስ የመጣች ኪሎ አብዛኛዋ ውሃና ገና ከሆድ ያልወጣ ምግብ ናት፤ ረቡዕ ሐሙስ ላይ ትሄዳለች። ይህን ሁሉ ሳስረዳው ግን ጆሮው ላይ የቀረችው «85» ብቻ ናት። ስለዚህ ሚዛኗን ባልጥላትም ሥራዋን ቀንሼባታለሁ፤ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ ከዚያ ውጪ ማንም አይወጣባትም።

እኔ የምመራበት ለእያንዳንዱ ሰው የከፈትኩት ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ነው። ቀኑ፣ የእንቅስቃሴው ዓይነት፣ ክብደቱ፣ ዙሩ፣ በየዙሩ ስንት ጊዜ እንዳነሣ ይጻፍበታል። በስተቀኝ ጠበብ ያለች አንድ አምድ አለች፤ «ስንት ቀረህ?» የምትል። ስምንተኛውን ጨርሶ ባሩን እንዳስቀመጠ እጠይቀዋለሁ፤ አወራረድህ ሳይበላሽ ስንት ትጨምር ነበር? «ሁለት» ካለኝ ክብደቱ ልኩ ነው። «አምስት» ካለኝ በሚቀጥለው ቀን 2.5 ኪሎ እጨምርበታለሁ። «ኧረ ኮች ልሞት ነው» ካለኝ ዜሮ ጽፌ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ እጠይቀዋለሁ። ጀማሪ ሲባል ግምቱ አይታመንም፤ ሁለት ቀረኝ ያለው ሰው ስድስት ሲጨምር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አደጋ በሌለው ማሽን ላይ አልፎ አልፎ እስኪያቅተው አሠራዋለሁ፤ ያን ጊዜ ልኩን ራሱ ያውቀዋል።

ክብደትን እየመዘገቡ የመጨመር ነገር ከብረት ገፊዎች ሰፈር ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሐኪም እጁ አለበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ቶማስ ዴሎርም የሚባል ወጣት ወታደራዊ ሐኪም በቺካጎ በጋርዲነር የጦር ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ጉልበታቸው ላይ የተጎዱ ወታደሮች ማገገም እጅግ ይዘገይባቸዋል። የዘመኑ ሕክምና ቀላል ነገር ደጋግሞ ማንሣት ነበር። ዴሎርም ራሱ ልጅ ሳለ ታሞ ተኝቶ ብረት እየገፋ የተነሣ ሰው ስለነበር ነገሩን ገለበጠው፤ ከባድ ክብደት፣ ጥቂት ድግግሞሽ፣ ጉልበት በጨመረ ቁጥር ክብደትም ይጨምራል። ውጤቱን በ1945 እ.ኤ.አ. አሳተመ። መጀመሪያ ላይ ከሰባት እስከ አሥር ዙር ያሠራ ነበር፤ በ1948 ከአርተር ዋትኪንስ ጋር ባወጡት ጽሑፍ ወደ ሦስት አወረዱት። በሽተኛው አሥር ጊዜ ብቻ ማንሣት የሚችለው ክብደት ይፈለጋል፤ በመጀመሪያው ዙር ግማሹ፣ በሁለተኛው ሦስት አራተኛው፣ በሦስተኛው ሙሉው። ዛሬ በየሰፈሩ ጂም «ሦስት ዙር በአሥር» የሚለው ልጅ የሆስፒታል ማዘዣ እያነበበ መሆኑን ማን ይነግረዋል!

ደብተሩ ከሁሉ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ያኔ የሚጨምረው ጉልበት በአብዛኛው ከጡንቻ ማደግ የሚመጣ አይደለም፤ አንጎልና ነርቭ ያለውን ጡንቻ አስተባብረው ማዘዝ ስለሚለምዱ ነው። ሰውየው በ20 ኪሎ ባዶ ባር ጀምሮ በወሩ 35 ያነሣል፤ መስታወት ፊት ሲቆም ግን ያው የድሮው ነው፤ ቦርጩም ከነሙሉ ክብሩ። ብዙ ሰው የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው፤ ስልክ ብትደውል «ሥራ በዝቶብኝ» ይልሃል። ያልጠፋው ደብተሩን ያየው ነው ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ ቁጥሩ እውነት ከሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 20 ተብሎ የተጻፈበት ዲስክ ሁሉ 20 ኪሎ አይደለም። ብዙ ጂሞች ከብረታ ብረት ቤት ያስቆረጡትን ዲስክ ይጠቀማሉ፤ ቁጥሩ በቀለም ይጻፍበታል፣ ቀለሙ ሲለቅ ሌላ ሰው በግምት ይደግመዋል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ የቀለም ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተው፣ መሀሉ ላይ የውሃ ቧንቧ ተክለው የሚገፉ ልጆች አሉ። አልንቅባቸውም፤ ጡንቻ የፋብሪካ ማኅተም አያይም። እንዲህ ያለ ቦታ ለሚሠራ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ብረት ተጠቀም። እኔ ራሴ ደብተር ላይ «ጭረት ያለው ቀዩ ዲስክ» ብዬ የጻፍኩበት ጊዜ አለ። እህል ቤት ወስዶ ማስመዘንም ይቻላል፤ ሁለቱን ወገን አስመዝኑ እንጂ! የግራው ከቀኙ ሁለት ኪሎ ሲበልጥ ወገብ ነው የሚከፍለው።

ከተዛባ ዲስክ የባሰ ግን ግማሽ ስኳት አለ። ጎረምሳው ጓደኞቹ እያዩት 100 ኪሎ ይጭናል፤ ጉልበቱን ትንሽ ሸብረክ አድርጎ ይመለሳል፤ «ጻፈው ኮች!» አልጽፈውም። ጭኑ ከወለሉ ጋር እኩል እስኪሆን ካልወረደ፣ ተረከዙ መሬት ከለቀቀ አይቆጠርም። 60 አድርጌ ስሰጠው ይከፋዋል። ተረከዙ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ስለማይታጠፍለት ነው፤ ተረከዙ ሥር ስስ ዲስክ አስገብቼለት፣ ዳምቤሉን ደረቱ ላይ አሳቅፌው ሲወርድ ያ ሁሉ ችግር ይጠፋል። ዳምቤሉ 16 ኪሎ ብቻ ነው፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል።

አንዲት የባንክ ሠራተኛ አለችኝ፤ ገጿን ላሳያችሁ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ስኳቷ 40 ኪሎ ነበር፤ 8፣ 8፣ 8፣ ሁለት ይቀራታል። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ያው 40 ኪሎ 8፣ 7፣ 5 ሆነ፤ የቀኟ አምድ ዜሮ። ከጎኑ «አልበላችም» ብዬ ጽፌያለሁ። እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፤ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ መስኮት ላይ ናት፣ ሰልፉ አይለቃትም። ከሥራ ወጥታ 11 ተኩል ላይ እኔ ጋ ስትደርስ ቀኑን ሙሉ የቀመሰችው ነገር የለም። ሚዛኗ ግን ሁለት ኪሎ ቀንሳ ታሳይ ነበር። እሷ ደስ ብሏታል። ደብተሩ ደስ አላለውም፤ ከስቡ ጋር ጉልበቷም እየሄደ ነበር።

ጾሙን ተይው አልልም፤ አይመለከተኝም። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክርም ለንስሐ አባቷ ትቻለሁ። ከባዱን ቀን ግን ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። ቅዳሜና እሑድ ሥጋና ወተት ባይበላም እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም፤ ጠዋት ቁርሷን በልታ ትመጣለች። በሥራ ቀን የምትመጣውን አንዱን ቀን ወደ ሁለት ዙር አወረድኩላት። ያገኙትን ጉልበት ማቆየት፣ አዲስ ከመገንባት እጅግ ያነሰ ሥራ ይበቃዋል፤ 55ቱን ቀን ሁሉ እንጨምር ብሎ መታገል ትርፉ መሰላቸት ነው። ምግቧ ላይ የነካሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ፍርፍር በዳቦ ነበር የምትበላው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ አልኳት። በጾም የፕሮቲን ምንጫችን ጥራጥሬው ነው። የሆሳዕና ሰሞን 40 ኪሎውን 8፣ 8፣ 7 አነሣችው። ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት 42.5 ጻፍን። ሚዛኗም ከሁለቱ ኪሎ አንዱን መልሳለች፤ ስለሱ ምን እንዳለችኝ ባልጽፈው ይሻላል።

ሌላው ደብተር ላይ ኪሎ የሚባል ነገር ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ባለቤቱ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ያመጣቻቸው ልጃቸው ናት። መጀመሪያ ቀን ዳምቤሉን አይተው «ልጄ፣ እኔ ብረት ገፍቼ ከማን ልጣላ ነው?» አሉኝ። ምን ቢሆንልዎት ይወዳሉ፣ ጋሼ? ብዬ ስጠይቃቸው ብዙ አሰቡና «በስቅለት ሰግጄ በራሴ መነሣት» አሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከወለል የሚያነሣቸው የጎረቤት ልጅ ነበር።

ስግደት ለሙያተኛ ዓይን ቀላል ነገር አይደለም። ቁልቁል መውረድ፣ በእጅ መደገፍ፣ ግንባርን አስነክቶ መላ ሰውነትን መልሶ ማቆም፤ ያውም በባዶ ሆድ፣ ደጋግሞ። ወጣቶቹን እንዲህ አሠርቼ ገንዘብ እቀበላለሁ። ለጋሼ የጀመርኩት ግን በወንበር ነው። መቀመጫው ከወለሉ 43 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ መደገፊያ እጅ የሌለው ወንበር፤ እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ይነሣሉ? በዓለም ዙሪያ አረጋውያን የሚፈተኑበት መለኪያ ነው፤ ከ70 እስከ 74 ዓመት ላለ ወንድ ከ12 በታች ደካማ ይባላል። ሰባት ተነሡ። ሰባተኛው ራሱ አከራካሪ ነበር።

የደም ግፊት ስላለባቸው የሐኪማቸውን ፈቃድ ይዘው መጡ፤ ትንፋሽ ይዞ መግፋት ግፊቱን ስለሚያስወነጭፍ ሲነሡ ቆጠራውን ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አደረግኩ። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። መምህር ናቸውና ቆጠራው ክፍል ሙሉ ተማሪ የሚሰማው ነበር። ወንበሩ ሲቀላቸው ከወንበሩ ዝቅ ያለ ሳጥን፣ ከዚያ በሁለት እጅ የተያዘ 4 ኪሎ፣ ከዚያ 8። «በዚህ ዕድሜ ጡንቻ ይሠራል እንዴ?» ይሉኝ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. የቦስተን ተመራማሪዎች በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ ሰዎችን ለስምንት ሳምንት በክብደት አሠርተው ነበር። አሥር ጀምረው ዘጠኝ ዘለቁ፤ የዘጠኙ የእግር ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው እኔ ገና ልጅ ነኝ» ብለው ተነሡ። ገጻቸው ላይ 7፣ 9፣ 9፣ 11፣ 13 ይላል። ሁለተኛው 9 ጉንፋን የያዛቸው ሳምንት ነው። ስቅለት ዕለት ምን ያህል እንደሰገዱ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ ልጃቸው ግን ማግስቱን ደውላ «ጭኔን ይዞኛል እያሉ ነው፣ ምን ላድርግላቸው?» አለችኝ።

ስለዚህ ሕመም አንድ ነገር ልበል። «ዛሬ አላመመኝም፣ አልሠራንም ማለት ነው» የሚል ደንበኛ አለ። አዲስ እንቅስቃሴ የጀመረ ሰው በማግስቱና በሠልስቱ ይተሳሰራል፤ ሰውነቱ ሲለምድ ይቀራል። ሕመሙን የሥልጠናው ደረሰኝ አድርገው የሚሸጡ አሰልጣኞች አሉ፤ በየቀኑ እንቅስቃሴ እየቀያየሩ ማሳመም እኮ ለማንም አያቅትም። ችግሩ በየቀኑ የተቀያየረ ነገር አይመዘገብም፣ ካልተመዘገበ ደግሞ አይነጻጸርም። ፎቶ በየወሩ ማንሣቱን አልቃወምም፤ መብራቱና ሰዓቱ አንድ ይሁን።

አንዱ ደንበኛዬ ባለፈው ዓመት ወደ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ሄደ። ደብተሩን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ነው የሄደው፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ የቤንች ፕሬሱ 60 ኪሎ፣ አምስት ጊዜ ይላል። ለወራት ድምፁ ጠፋ። የመኪና ማቆሚያ ሥራ፣ የሌሊት ፈረቃ፣ የወረቀት ጉዳይ። ከዚያ በአንድ ሌሊት በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ፤ ጩኸት ነው። «ኮች! 135 ገፋሁ! አምስት ጊዜ!» ከኋላ የጓደኞቹ ፉጨት ይሰማል። ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ባሩ ላይ ግራና ቀኝ አንዳንድ ዲስክ፤ ሁለቱም ላይ 45 ተጽፏል። እዚያ ባሩም ዲስኩም በፓውንድ ነው፤ ባሩ 45፣ ሁለቱ ዲስክ 90። በእኛ 61 ኪሎ።

በሌሊት ፈረቃና በአዲስ አገር ውጣ ውረድ መሀል ከነበረበት አለመውረዱ ትልቅ ነገር ነው፤ እንደዚያው ጻፍኩለት፤ «61፣ አምስት ጊዜ። ስንት ቀረህ?»

«አንድ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት ጨመረ፤ «ለልጆቹ ግን 135 ብያቸዋለሁ፣ እንዳታጋልጠኝ።»