ከቡድኑ የምትወልደው አንዷ ናት

በባሌ ተራሮች 4000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተዘረጋው የሳነቴ አምባ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ለብቻው ነው። ግዛት መጠበቅና ቡችላ ማሳደግ ግን የቡድን ሥራ ነው። በቡድኑ ውስጥ ሌሎች ሴቶች ቢኖሩም በዓመት አንዴ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ የበላይዋ ብቻ ናት።

የቤት ውሻ ወቅት ሳትመርጥ ለስሪያ ትደርሳለች። የቀይ ቀበሮ ስሪያ ግን በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ኅዳር ይወሰናል። እርግዝናው 60 ቀን ያህል ስለሚፈጅ ቡችሎቹ የሚወለዱት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ አንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ከሥሩ ያለውን ፒቱታሪ ዕጢ ያዛል፤ ፒቱታሪ እንቁልጢን ይቀሰቅሳል፤ እንቁልጢም ኢስትሮጅን ያመነጫል። ኢስትሮጅን አሻቅቦ መቀነስ ሲጀምር ሴቷ ወንድ ታስጠጋለች። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ተራው የፕሮጄስትሮን ነው፤ ማህፀኑን ለጽንስ ያሰናዳል።

እንዲህ ያለውን ብርቅዬ እንስሳ ደጋግሞ አጥምዶ ደም መውሰድ አይገባም፤ ደግነቱ የሆርሞን ቅሪት ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ተመራማሪዎች በባሌ ዓይነ ምድር እየለቀሙ ሲመረምሩ፣ በስሪያ ወቅት ኢስትሮጅን የጨመረው በበላይዋ ላይ ነው፤ በበታቾቿ ላይ ጭማሪው አልታየም። እነሱ የሚታቀቡት ወንድ አጥተው ብቻ አይደለም፤ ሰውነታቸውም አልተዘጋጀም።

ከምርመራው የሐሰት እርግዝና ምልክትም ተገኝቷል። በውሻ ዘር ፕሮጄስትሮን ያላረገዘችውንም ሴት እንዳረገዘች ሁሉ ለሳምንታት ይዟት ይቆያል፤ እሱ ሲቀንስ ፕሮላክቲን ይጨምርና ጡቷ ወተት ሊያግት ይችላል። ያልወለደች ቀበሮ የበላይዋን ቡችሎች ስታጠባ መታየቷም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ብቻ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 እንደታየው የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ተላልፎ ሲገባ ብዙ ቀበሮ ይፈጃል። የበላይዋ በስሪያ ወቅት ከሞተች ቡድኑ የዓመቱን ቡችሎች ሊያጣ ይችላል፤ ኪሳራውን የሚተካ ሁለተኛ ወቅት የለም። ስለዚህ በአካባቢው ያሉ ውሾችን በጊዜ መከተብ የቀበሮዋን ቀጣይ ትውልድ ማትረፍ ነው።